የድንጋዩ ቁራኞች

ጠጋ በሉ። ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ሾፌራችን ያን ጎማ ፈትቶ እስኪያስር ገና ነው፤ ባትሪውንም እሱው ወስዶታል፤ ጨረቃ ደግሞ እንደምታዩት ዛሬ አልወጣችም። ብርዱን በወሬ እንጂ በምን እንገፋዋለን? እናንተ ድንጋዩን የተደገፋችሁት፣ እስቲ ትንሽ ቦታ ስጡን። አዎ፣ እናንተው ሁለታችሁ። ከጠዋት ጀምሮ አንደኛችሁ «መስኮቱ ይከፈት»፣ አንደኛችሁ «መስኮቱ ይዘጋ» ስትሉ ጆሯችንን በላችሁት። አሁን መስኮትም የለም፤ ሜዳ ላይ ነን። ታረቁ! አንታረቅም? ጥሩ፣ ተዉት። በኋላ እንዳትቆጩ ብቻ።

ተረት ተረት! ኧረ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ እዚህ ላምም በረትም የለም። «የመኪና ብልሽት» በሉ። እንደገና፤ ተረት ተረት! ጎሽ፣ እንደሱ።

ድሮ ነው። ጣልያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ ነው፤ ጥሎት የሄደው ቆርቆሮ ግን ገና አልዛገም። አንድ ሰው ነበር። ባይለየኝ ይባላል። ሰዓቱ ሰው እራቱን በልቶ፣ እሳቱን አዳፍኖ፣ በሩን ቀርቅሮ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ባይለየኝ ግን አልተኛም። ባይለየኝ መንገድ ላይ ነው። ጣልያን በሠራው በዚያ ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ነው። ሰው በዚህ ሰዓት ብቻውን ይሄዳል? እናንተን ነው የምጠይቀው፤ ይሄዳል? አይሄድም! ባይለየኝ ግን ሄደ።

ለምን ሄደ? ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነዋ።

ባይለየኝ ክፉ ሰው አይደለም። እንደውም ችግሩ እሱ ነው። በሕይወቱ ማንንም «ተሳስተሃል» ብሎ አያውቅም። የተጣሉ ሰዎች ሲመጡበት «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ይልና ነገሩን ለእግዜር ትቶ ወደ ማሳው ይሄዳል። ዶሮ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ አይቶ «ዶሮዋም እኮ ደጅ መዋል አልነበረባትም» ያለ ሰው ነው። ዛሬ ይዘንባል ወይ ብትሉት ሰማዩን ላለማስቀየም «ይመስላል፤ ደግሞም አይመስልም» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ይወደዳል። ባል ሲሆን ግን አበሳ ነው።

ሚስቱ ይታክቱ ትባላለች። ይታክቱ ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ፈተለች። ለአባቷ ጋቢ ልታሠራ ነው። ጣቷ እስኪላጥ ፈተለች። አንድ ቀን ገበያ ውላ ስትመለስ ፈትሉ የለም። ድሩም የለም፣ ማጉም የለም። ማን ወሰደው? የባይለየኝ እናት፣ እማማ ደብሪቱ! ፈትሉን ጠቅልለው ለሸማኔ ሰጥተው፣ ለራሳቸው ጋቢ አሠርተው፣ እሱን ለብሰው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ።

ይታክቱ ባሏን ጠራችው። «በል ፍረድ» አለችው። «ቢጠይቁኝ እኮ እሰጣቸው ነበር። ሳይጠይቁኝ ነው የወሰዱት። ፍረድ!»

ባይለየኝ እናቱን አየ። ሚስቱን አየ። ጋቢውን አየ። «እማዬም ልክ ናት፤ አንቺም ልክ ነሽ» አለ። ትንሽ አሰበና «ጋቢውም ጥሩ ጋቢ ነው» ብሎ ጨመረ።

ይታክቱ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌ መልስ ይዞ መጣ። «ነገ ፀሐይ ስትወጣ ከአባቴ ደጅ ይምጣ። አንድ ቃል ይዞ ይምጣ። ‹ሁለታችሁም ልክ ናችሁ› ካለ ግን፣ ወይም ከቀረ፣ ሰማንያችን ይቀደድ» ብላለች። ባይለየኝ ደግሞ ይታክቱን ይወዳታል። እንዴት እንደሚወዳት! እሷ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ አይወስደው፣ እህል አይወርድለት። ግን ያ አንድ ቃል ከየት ይምጣ? እያሰበ፣ እያሰበ ቀኑ መሸበት። ሊወጣ ሲል ደግሞ እናቱ ጋቢያቸውን አወለቁና «ይህን ለብሰህ ሂድ፤ እንዴት እንደሚያምር ይዩት» አሉት። እምቢ አለ? ባይለየኝ እምቢ ይላል? ለብሶት ወጣ! የተጣሉበትን ጋቢ ለብሶ ሊታረቅ ሄደ!

እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ቁመቱ ሰው ያህላል። አናቱ ላይ መስቀል አለው፤ ደረቱ ላይ ጽሑፍ አለው። የፈረንጅ ጽሑፍ ነው፤ ማንም አያነበውም። በጣልያን ጊዜ ከባሕር ማዶ ሰፋሪዎች መጡ። የባለአገሩን መሬት «ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነው» አሉ። ባለአገሩ «የት አባታችሁ!» አለ። ተታኮሱ። ከዚያም ወገን ሰው ወደቀ፣ ከዚህም ወገን ወደቀ። ሰፋሪዎቹ ለሞተባቸው ሰው ያንን ድንጋይ አቆሙ። ድንጋዩን ከገደል ፈልፍሎ የተሸከመው ማን ነው? ባለአገሩ ነው፣ በጅራፍ። ለባለአገሩ ሟችስ ማን ድንጋይ አቆመለት? ማንም አላቆመለትም።

ጣልያን ሲሄድ ድንጋዩ ቀረ። የመንደሩ ሰው ቀን ቀን ቢላ ይስልበታል። አህያም ትታከክበታለች። ማታ ግን ማን ይጠጋዋል! ማታ ማታ እዚያ ድንጋይ ሥር ሰው ሲሟገት ይሰማል ይባላል። ባይለየኝ ይህን ያውቃል? ያውቃል። ሌላ መንገድ አለ? የለም። ስለዚህ ሄደ።

መጀመሪያ ሽታ መጣ። የሲጋራ ሽታ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ምድረ በዳ፣ ማን ሲጋራ ያጨሳል? «እረኛ ይሆናል» አለ ባይለየኝ። ሄደ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ሹክ ሹክ፣ ሹክ ሹክ። እንደ ሙግት ያለ ነገር። «ነፋስ ይሆናል» አለ። ነፋስ አለ እንዴ? ቅጠል አይንቀሳቀስም! ሄደ። ቀጥሎ ድንጋዩ ሥር ነጭ ነገር ታየው። ነጭ፣ ሰፊ፣ የሚወዛወዝ። «አህያ ይሆናል» አለ። ነጭ አህያ አይታችኋል? እሱም አላየም። ግን አህያ ይሆናል ብሎ ቀረበ።

አህያው ተናገረ። «በሕግ አምላክ!» አለ።

ባይለየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለምን አይሮጥም ትሉኛላችሁ። የዛሬ ሰው አያውቅም። ድሮ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ይቆማል። የተጣሉ ሰዎች የሸማቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ መንገድ ዳር ይጠብቁ ነበር። የሚያልፈውን መንገደኛ «በሕግ አምላክ፣ ዳኘን» ይሉታል። መንገደኛው ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ቢቸኩልም ባይቸኩልም፣ ቁጭ ብሎ ይዳኛል። እምቢ ብሎ ካለፈ ሕግ ረገጠ ይባላል። ባይለየኝ ደግሞ ጉንዳን እንኳ የማይረግጥ ሰው ነው፤ ሕግ ከየት አባቱ ይረግጣል! መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

«እነማን ናችሁ?» አለ።

ሁለት ናቸው። አንደኛው ሸማ የለበሰ፣ ውጅግራ ጠመንጃ ያነገተ፣ ባለ ጎፈሬ ሰው ነው። ሁለተኛው የቡሽ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሪዙን ያጠማዘዘ ፈረንጅ ነው። የአንዱ ሸማ ጫፍ ከሌላው ኮት ጫፍ ጋር ተቋጥሯል።

«ወንድይራድ እባላለሁ፤ የዚሁ አገር ሰው ነኝ» አለ ባለ ጎፈሬው፣ እጅ ነስቶ።

«ሲኞር ቤፔ» አለ ፈረንጁ፣ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ። «እንደምን አመሸሽ?»

ባርኔጣው ከፍ ሲል ባይለየኝ አንድ ነገር አየ። ባርኔጣው ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ማዶ ኮከብ ይታያል። ቀጥሎ ከባርኔጣው በታች ያለውን ግንባር አየ። እዚያም ቀዳዳ አለ። በዚያም ቀዳዳ ማዶ ያው ኮከብ ይታያል!

ቁልቁል አየ። ሣሩ አልተረገጠም። የሁለቱም እግር መሬት አይነካም።

ባይለየኝ ብድግ አለ። እግሬ አውጭኝ ሊል ሲል፣ ጎተት! ከኋላው አንድ ነገር ጋቢውን ጎተት አደረገው። ዞሮ አየ። የጋቢው ጫፍ ከሸማውና ከኮቱ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። ማን ቋጠረው? መቼ ቋጠረው?

«ዳኛ ሳይፈርድ አይነሳም» አለ ወንድይራድ። «ከዚህ በፊት አንድ ቄስ አግኝተን ነበር፤ ጠበል ረጭተውብን፣ ነጠላቸውን ቀደው ሮጡ። ከሳቸው በፊት የመጣው ሰካራም ነው፤ እሱ ለድንጋዩ ፈርዶ ሄደ። ያንተ ጋቢ ግን ወፍራም ነው፤ አይቀደድም። ጥሩ ፈታይ ነው የፈተለው።»

«ቁጭ በይ» አለው ሲኞር ቤፔ በትሕትና።

ይህ ፈረንጅ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚል። በሕይወት ሳለ ከአማርኛ የሚያውቀው «አምጣ» እና «ሂድ» ብቻ ነበር። የቀረውን የተማረው ከሞተ በኋላ ነው። ሌላ ምን ሥራ አለው!

ሙግቱ ተጀመረ። ወንድይራድ ሸማውን አደግድጎ፣ ውጅግራውን እንደ ዘንግ ጨብጦ ወዲያና ወዲህ ይላል። እሱ ሲራመድ ቋጠሮው ፈረንጁንም ባይለየኝንም አብሮ ይጎትታቸዋል።

«በላ ልበልሃ!
በአባቴ መሬት ላይ ቲማቲም ተክሎ፣
ሽፍታ ይለኛል እኔኑ ገድሎ!»

ሲኞር ቤፔም ዋዛ አይደለም። ኮቱን አራግፎ ተነሳ።

«በላ ልበልሽ!
ባሕር ተሻግሬ ወረቀት ይዤ፣
እዚህ ቀረሁልሽ ጭቃ ጎዝጉዤ!»

«አያምርም?» አለ ወንድይራድ ለባይለየኝ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«ግጥሙን ተዉትና ነገሩን ንገሩኝ» አለ ባይለየኝ።

«ነገሩማ» አለ ሲኞር ቤፔ፣ «መንግሥታችን ያ መሬት ባዶ ነው አለኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። መጣሁ። ባዶ አይደለም! ሰው አለበት፣ በሬ አለበት፣ ውሻ አለበት። ውሻውም ነከሰኝ። ምን ላድርግ?»

«ምን ላድርግ ይላል! ተመለስ ነዋ!» አለ ወንድይራድ። «እሱ ግን ከነወታደሩ አጥሬን ጥሶ ገባ። እናቴ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ደንግጣ ወደቀች። ጎመኑን ነቅሎ ቲማቲም ተከለበት።»

«ቲማቲሙን ቀምሰሻል» አለ ሲኞር ቤፔ።

«አልቀመስኩም!»

«ማታ መጥተሽ ቀምሰሻል፤ አይቼሻለሁ።»

ወንድይራድ ጎፈሬውን አከከ። «አንድ ቀምሻለሁ» አለ። «ጥሩ ነው። ይህ ግን ሙግቱን አይለውጠውም። በኋላ የአባቴን ውጅግራ አንስቼ መጣሁበት። እሱም ተኮሰ፣ እኔም ተኮስኩ፤ እዚሁ ቦታ ወደቅን። በማግስቱ ወገኖቹ መጡ። እሱን አልቅሰው ቀበሩት፤ ድንጋይ አቆሙለት። እኔን በእግራቸው ገፍተው ቦይ ውስጥ ጣሉኝ።» ወደ ድንጋዩ ጠቆመ። «ድንጋዩ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ይኸው ራሱ አነበበልኝ። ‹ቤፔ የተባለው ገበሬ እዚህ በሽፍታ እጅ ወደቀ› ይላል። ሽፍታ! በአባቴ ጓሮ ቆሜ ሽፍታው እኔ ነኝ?»

«እኔ አልጻፍኩትም፤ ሞቼ ነበር እኮ» አለ ሲኞር ቤፔ። «ደግሞ አንቺ ማታ ማታ ድንጋዬን ትደገፊያለሽ።»

«በመሬቴ ላይ የቆመ ድንጋይ አልደገፍም?»

«ሲጋራዬንስ ማን ያጨሰዋል?»

«የሲጋራው ለብቻው ይታያል!»

ሁለቱም ወደ ባይለየኝ ዞሩ። «ዳኛችን፣ ይዳኙን» አለ ወንድይራድ፣ ጎንበስ ብሎ። «ፍርድ ካላገኘን ቋጠሮው አይፈታም። ቋጠሮው ካልተፈታ ዕረፍት የለንም።»

ባይለየኝ ባለ ጎፈሬውን አየ። ባለ ባርኔጣውን አየ። ድንጋዩን አየ። ምን አለ? ምን ያለ ይመስላችኋል? አዎ!

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለ።

ቋጠሮው ጠበቅ፣ ጠበቅ አለ፤ ጋቢው አንገቱን ያዝ አደረገው።

ወንድይራድ አልተቆጣም። «ሁለታችንም ልክ ከሆንን» አለው ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ለምን ሞትን?»

ባይለየኝ አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ስንት ዘመን ፍርድ ለጠበቁ ሰዎች ያችን የማትረባ ቃሉን ሰጥቶ፣ ከመፍራቱ ይልቅ ማፈሩ ባሰበት።

«ያልፈረደ ዳኛ ሌላ ዳኛ እስኪመጣ ከኛ ጋር ይቆያል» አለ ሲኞር ቤፔ። «ሕጉ እንዲህ ነው። ነይ፣ በዚህ በኩል ነፋስ የለም።» ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ሌላ ዳኛ መቼ ይመጣል?»

«አንዳንዴ ክረምት አልፎ። አንዳንዴም አይመጣም።»

ሙግቱ ሌሊቱን ፈጅቶት ኖሮ፣ ከሩቅ ዶሮ ጮኸ። ይታክቱ ትዝ አለችው። አሁን ሊነጋ ነው። አባቷ ደጅ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ይጠብቁታል። አይመጣም። «ናቀን» ይላሉ። ሰማንያው ይቀደዳል። እሷ የሰው ሚስት ትሆናለች፤ እሱ በሁለት ሙታን መካከል ተቋጥሮ፣ ስለ ሲጋራና ስለ ቲማቲም ሲሰማ ይኖራል። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ወንድይራድ ዳኛውን ተስፋ ቆርጦበት ወደ ፈረንጁ ዞሯል። የለመደውን ማጉረምረም ጀምሯል። «ብትጠይቀኝ እኮ ቆርጬ እሰጥህ ነበር» ይለዋል። «የመሸበት እንግዳ ነኝ ብትል አባቴ መደቡን ይለቅልህ ነበር። ሳትጠይቀኝ ነው የገባኸው።»

የባይለየኝ ጆሮ ቆመ። ይህን ቃል የት ነው የሰማው? እናንተስ የት ነው የሰማችሁት? አዎ፣ ከይታክቱ! «ቢጠይቁኝ እሰጣቸው ነበር።» ከሞተ ሰው አፍ የሚስቱን ቃል ሰማ፤ ያን ዕለት ያልገባው ነገር አሁን ገባው።

እንባውን ጠርጎ ተነሳ። «ሲኞር» አለ። «ወንድይራድ ቤት የመጣህ ዕለት ‹ቤቶች!› ብለሃል?»

«ቤቶች ምንድን ነው?»

ወንድይራድ ግንባሩን መታ። «ግጥም አስተምሬው ይህን አላስተማርኩትም!» አለ።

«ሰው ሰው ቤት ሲሄድ» አለ ባይለየኝ፣ «ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ‹ቤቶች!› ይላል። ባለቤቱ ‹ማነው?› ይለዋል። ግባ ካለው ይገባል፤ ዝም ካለው ይመለሳል። አንተ ብለሃል?»

ሲኞር ቤፔ ባርኔጣውን አወለቀ። በእጁ አዟዟረው። በቀዳዳው ጣቱን አሾልኮ አየው። «አጥሩን ወታደሮቹ ናቸው የጣሱት፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ግን አላልኩም።»

«እንግዲያው ስሙ!» አለ ባይለየኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይወጣል። «ማኅተም የባለቤትን ‹ግባ› አይተካም። መሬቱ የወንድይራድ ነው። ሽፍታ አጥር ጥሶ የገባው ነው እንጂ በጓሮው የቆመው አይደለም። ድንጋዩም ከዚህ አገር ገደል ወጥቶ በዚህ አገር ትከሻ የመጣ ነው፤ የአገሩ ነው። የሲኞር ስም ግን አይፋቅ፤ እሱንም እናት ወልዳዋለች። የወንድይራድ ስም ይጨመርበት። ሲኞር ቤፔ፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ወንድይራድ፣ እውነቱ ያንተ ነው!»

ፈረደ! ባይለየኝ ፈረደ! ቋጠሮው በራሱ ጊዜ ፍትት አለ። ሸማው ወዲያ፣ ኮቱ ወዲህ፣ ጋቢውም ለብቻው ወደቀ። ሁለቱ ቁራኞች የተፈታውን ጫፋቸውን እያገላበጡ አዩት። ሲኞር ቤፔ ድንገት ባዶ ሜዳ ላይ እንደቀረ ልጅ ሆነ።

«አሁን ወዴት ልሂድ?» አለ።

«ውጣና እንደ ሰው ግባ» አለው ባይለየኝ።

ሲኞር ቤፔ መንገዱን ተሻገረ። ጨለማው ውስጥ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤ... ቤቶች!» አለ።

ወንድይራድ ዝም።

«ቤቶች!»

ወንድይራድ ወደ ሰማይ ያያል። «ትንሽ ይቁም» አለ ለባይለየኝ በሹክሹክታ። ይቁም እንጂ! ያን ሁሉ ዘመን የጠበቃትን ነገር ቶሎ ይጨርሳታል?

«ቤቶች!» አለ ሲኞር ቤፔ፤ አሁን ድምፁ ልምምጥ ሆኗል። «የመሸበት እንግዳ ነኝ።»

የወንድይራድ ዓይን እንባ አቀረረ። «ማነው?» አለ።

«ቤፔ ነኝ።»

«ግባ» አለው። ወዲያው ግን «ጫማህን ጥረግ!» ብሎ ጮኸበት።

ዶሮ ደገመ። ባይለየኝ ዓይኑን ቢያሽ ድንጋዩ ብቻ ነው የቆመው። ሰውም የለ፣ ባርኔጣም የለ። ትንሽ የሲጋራ ሽታ ብቻ ቀርቷል።

ሮጠ። አሯሯጡ! የይታክቱ አባት ደጅ ሲደርስ ፀሐይ ብቅ ብላለች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ይታክቱ በሩ ላይ ቆማለች። ጋቢውን አየችው። ጣቷን የላጠውን ያንን ፈትል በሱ ትከሻ ላይ አየችው። ፊቷ ከሰል መሰለ።

«በል ተናገር» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

ባይለየኝ አፉን ከፈተ። አፍ የለመደውን ነው የሚያመጣው፤ «ሁለታ...» አለ።

ጎተት!

ከኋላው አንድ ነገር ጋቢውን ጎተት አደረገው። ዞሮ አየ። ማንም የለም። ከአጥሩ ውጭ ግን ሲጋራ ይሸታል።

«ሁለታ ምን?» አሉት ሽማግሌው።

«ሁለታ አይደለም! አንድ ነው!» ብሎ ጮኸ ባይለየኝ። «ፈትሉ የይታክቱ ነው! እማዬ ሳትጠይቅ ወሰደችው! እናቴን እወዳታለሁ፤ ጥፋቱ ግን የሷ ነው! የኔም ነው፤ ያን ዕለት ይህን ማለት ነበረብኝ!» ጋቢውን አውልቆ የይታክቱን አባት አለበሳቸው። ራሱ በዚያ የጠዋት ብርድ በእጀ ጠባብ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

ይታክቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እስቲ ድገመው» አለች።

«ጥፋቱ የእማዬ ነው።»

«አልሰማሁም።»

«ጥፋቱ የእማዬ ነው!»

ሳቋ አመለጣት። ነጠላዋን አንስታ አብራው ተመለሰች። እማማ ደብሪቱስ? እስከ ፍልሰታ አኮረፉ። ከፍልሰታ በኋላ ግን ወደ ይታክቱ መጥተው «ልጄ፣ ጥጥ ይኖርሽ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ጠየቁ ነው የምላችሁ! ሰጠቻቸው።

ባይለየኝም ድንጋይ ጠራቢ ይዞ ሄዶ፣ ከፈረንጁ ጽሑፍ በታች «ወንድይራድ፤ የዚህ ደጅ ባለቤት» ብሎ አስቀረጸ። ቀን ቢሆን አሳያችሁ ነበር። ግን ምን ችግር አለ፣ እጃችሁን ወደ ኋላ ሰዳችሁ ብትዳስሱት ታገኙታላችሁ። የቱን ድንጋይ ነው የምትሉኝ? የተደገፋችሁትን ነዋ! ኧረ ቁጭ በሉ! ወዴት ነው?

ከዚያስ ሁለቱ ዐረፉ ወይ በሉኝ። ታረቁ እንጂ የት ዐረፉ! ሙግት ለምደው፣ ያለ ሙግት ሌሊቱ አልገፋ አላቸው። የራሳቸው ጉዳይ ስላለቀ ዛሬ የሚያዩት የሰው ጉዳይ ነው። የተጣላ ሰው ድንጋዩን ተደግፎ ካገኙ ጫፍና ጫፉን ይቋጥሩታል፤ እስኪታረቅ አይለቁትም። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» የሚል ሽማግሌ ቢመጣ ደግሞ እሱንም ጨምረው ይቋጥሩታል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ለሽንት እንኳ ቢሆን ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ሁለቱም የተኳረፉ አይሁኑ።

እሰይ፣ ሾፌሩ ጨረሰ መሰለኝ፤ ሞተሩ ተነሳ። ተነሱ እንግዲህ፣ እንሳፈር። እናንተ ባለ መስኮቶቹ፣ ምነው ብድግ ብላችሁ መልሳችሁ ዘጭ አላችሁ? ምን ያዛችሁ? እኔን አትዩኝ፤ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፣ ሁሉም ይመሰክራል። ደግሞ ማነው እዚህ ሲጋራ የሚያጨሰው? ማንም?

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፤ የጋቢያችሁን ጫፍ ዳስሱ!